ገቢና ወጪ

ድሬ ሳለን መስኮት መች ይዘጋ ነበር፣
ነፋሱን ለምነን ነው የምናሳድር፤
አልጋ በረንዳ ላይ አንሶላ ተነጥፎ፣
ውድቅት እስኪመጣ ትንሽ ብርድ አቅፎ።

ሐረር ግን ሌላ ናት።
ሽቅብ በደንገጎ አንድ ሰዓት ቢነዱ፣
ያ የለመኑት ነፋስ ሌብነት ነው ልማዱ፤
ኅዳር ገባ ሲባል ከሐኪም ጋራ ወርዶ፣
ሳያንኳኳ ይገባል እንደ ቤት ልጅ ለምዶ፤
መጋረጃ ገልቦ ሻማዬን ያጠፋል፣
ልጄ ጉሮሮ ውስጥ ሳል ሆኖ ያርፋል።

ዘንድሮስ በቃኝ አልኩ።
የመብራት ደረሰኝ ጀርባውን ገልብጬ፣
ልጁ ከተኛ ኋላ ብቻዬን ተቀምጬ
(አሥራ ስምንት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ
ገንዘብ ያዥ ነበርኩኝ፣ ጉድለት ስሜን ያልነካ)
መሐሉን አሰመርኩ።
በቀኝ በኩል ገቢ፣ በግራ ወጪ።

ገቢ፦ ከደመወዝ ቆርጬ ያኖርኩት ስድስት ሺህ፤
ከኒዕመት ዕቁብ የወጣልኝ ዕጣ ሃያ አራት ሺህ፤
እህቴ ስንዱ ከጅግጅጋ «ለልጁ ብርድ» ብላ
ሁለት ሺህ አምስት መቶ።
ሁለት ጊዜ ደመርኩት፣ እንደሚጨምር ሁሉ።

ወጪ፦ ጂብሪል አናጢው ሜትሩን ዘርግቶ፣
እርሳስ ከጆሮው ላይ አውርዶ፣ መልሶ ሰክቶ፣
«አንዱ መስኮት» አለኝ «ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ።»
እንጨቱ፣ ማጠፊያው፣ መስታወትና ስቱኮ፣
የእጁም ዋጋ አለ፤ «ለጎረቤት» ብሎ ቀንሶልኝ እኮ!

በብረት ቢሆንስ? ብረት ብርድ ይወልዳል፤
አሉሚኒየሙን ሀብታም ይወዳል።
መስታወቱን ብቻ ከድሬ ብገዛስ፣
ታይዋን ገበያ፣ በረከሰው ዋጋ፣ ታቅፌው ብመለስ?
የደንገጎ ጥምዝ ስንቱን ሰባበረ፣
ትርፍ ያሉት ሁሉ ስባሪ ሆኖ ቀረ።

አራት ጊዜ ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ፦
ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ።
ጉድለት፦ ስድስት ሺህ ሰባት መቶ።
እንግዲህ ከአራቱ አንዱ ይቀራል።

የትኛው?
የልጁ ክፍል አይቀር፣ ሳሉ ይበቃዋል።
ሳሎን ከሐኪም ጋራ ፊት ለፊት ተፋጧል።
ወጥ ቤቱ በነፋስ እሳት አላነድ ብሏል።
የጓሮዋ ክፍል…
እዚያ ላይ ሲደርስ እርሳሴ ዶልዱሟል።

የአባቴ ክፍል ናት።
የባቡር ፍሬን ያዥ ነበር፣ ከድሬ እስከ ደወሌ
አቧራ የዋጠ። ሳንባው እምቢ ሲል ደጋ አመጣሁት፤
ሕይወት ፋና ራጅ አነሡት።
መስታወቱ ሲሰበር ማንንም አልጠራ፣
ያንን ራጅ በአራት ሚስማር መታው በተሰበረው ስፍራ፤
«ሐኪሙ ‹ንጹሕ አየር ሳብ› አላለኝም?
ይኸው፣ ሳንባዬ ራሱ ቆሞ ይሳብ»
ብሎ ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ።

ከሄደ ሁለት ክረምት አለፈ።
ጠዋት ፀሐይ በፊልሙ አልፋ ስትገባ
የጎድን አጥንቱን ወለል ላይ ታሰጣለች፤
አልረግጠውም፤ ዞሬ አልፋለሁ።

ቅዳሜ ጂብሪል መጣ፣ ሦስት ነቅሎ ሦስት ተከለ፣
ስቱኮው ሳይደርቅ ቤቱ ዝም አለ።
ከዚያ መዶሻውን ይዞ ወደ ጓሮዋ ክፍል።
«ይቺንስ?»
«ብር አልበቃኝም።»
«ችግር የለም፣ በዱቤ፤ ስትችዪ ትከፍያለሽ።»

አሥራ ስምንት ዓመት ሒሳብ የያዝኩ ሴት
የምመልሰው ቁጥር አጣሁ።
ራጁን አየ። እኔን አየ።
መዶሻውን ቀበቶው ላይ ሰካ።

ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፍኩ፦
አራተኛ መስኮት፣ ወደ ከርሞ የዞረ።
ቀሪ፣ ሦስት ሺህ አንድ መቶ።

ማታ ልጁ ሳይስል ተኛ።
ቤቱ ሞቀ፤ መጋረጃው ተንጠልጥሎ ቀረ።
ከጓሮዋ ክፍል ብቻ
ነፋስ ሲገፋው ራጁ ወደ ውስጥ ይነፋል፣
ሲለቀው ወደ ውጭ ይሳባል፤
ጆሮዬን ሰጥቼ፣ እንደ ልማዴ፣ ቆጠርኩት፦

ገባ። ወጣ።
ገባ። ወጣ።