አርባ ሁለት

ቱሉ ዲምቱ ዳር ላይ፣ ረቡዕ ሌሊት ሲሆን፣
ያስላል ቧንቧችን፣ ሊተፋ ውሃውን።
ከኋላዬ ቆሞ በጀሪካን ተራ
"ብሎክሽ ስንት ነው?" ቢለኝ ቶሌራ፣
"አርባ ሁለት" አልኩት። ዓይኔን አላሸሸሁም፤
ትክክለኛ በሬን ለሰው ነግሬ አላውቅም።

አሥራ ሦስት የሞላሁ ሰሞን፣ አባቴ "ቅዳሜ" አለኝ አንዴ፤
የየት ወር ቅዳሜ ብዬ ጠየቅኩ እንዴ?
ፀጉሬን ተሠርቼ፣ በረንዳ ላይ ቆሜ፣
የሰው አባት ከታክሲ ሲወርድ ቆጠርኩኝ ደጋግሜ።
እማዬ ስለ እሱ ምንም ሳታነሳ
የእሱን ድርሻ ጥብስ በላነው ለምሳ።

ከዚያ ወዲህ እንጃ፣ ሰው "ጠብቂኝ" ሲለኝ
እግሬ ቀድሞ ይወጣል፣ እኔን ሳያስፈቅደኝ።

ብርዱ ሲበረታ፣ ወረፋው ሳይደርስ፣
ጀሪካኔን ትቼ ገባሁ ጋቢ ልለብስ።
እንቅልፍ ጣለኝ እዚያው። ስነቃ ነግቷል።
"ይኼኔ ተሰርቋል" አልኩ፣ "ወይም ተደፍቷል።"

በሩ ተንኳኳ። ቶሌራ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል።

"አርባ ሁለት ወጣሁ፣ እስከ አራተኛ ፎቅ፤
ሰደቡኝ። ጥበቃው ነው ቤትሽን የሚያውቅ።"

"ለምን ዋሸሽ?" አላለኝም። እሱን ነበር የጠበቅኩት፤
መልስ ነበረኝ፣ የተሳለ፣ አፌ ላይ ቀረ የያዝኩት።

ጀሪካኔ ክዳን የለው፤ ከዚያ ብሎክ ጀምሮ
እስከ ደጄ ድረስ የውሃ መስመር ሠርቷል፣ ዞሮ ዞሮ።

አመንኩት አልልም።
ግን የዚያን ቅዳሜ
ረቡዕን ቆጠርኩ፣
በረንዳ ላይ ቆሜ።