አራተኛው ደብተር

ቦራም ትባላለች፤ ዛጎል ትፈለቅቃለች፣
በቶንግዮንግ ወደብ፣ ቆርቆሮ ዳስ ሥር ሌሊት ትቆማለች።
በግራ እጇ ዛጎል፣ በቀኟ አጭር ቢላ፣
እስከ ጉልበት ጎማ፣ ጓንት ላይ ጓንት ሌላ።
ክፍያው በኪሎ ነው፤ ሥጋው ይመዘናል፣
ቅርፊቱ ከደጅ ላይ ተራራ ይሆናል።

ደመወዝ ሲገባ፣ በሃያ አምስት ማታ፣
ስልኳን ታበራለች ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ፤
አንዴ ነካ ናት በጣት፣ ሌላ ልፋት የለም፣
ጎህ ሲቀድ ካርቶኑ ከበሯ አይጠፋም።
ቀይ ተረከዝ ጫማ፣ ሰማያዊ ጫማ፣
ደግሞም የዳንስ ጫማ (ለየትኛው ከተማ?)
ሰባት ጥንድ ተረከዝ አልጋ ሥር ደርድራ
በጎማ ቦት ጫማ ትሄዳለች ሥራ።

ወሩ ግን ረጅም ነው፤ ዐሥር ቀን ሳይሞላ
ሩዝ በኪምቺ በላች፣ ኪምቺ በሩዝ፤ ሌላ
ምን አለና ደግሞ።

አጠገቧ የምትቆም፣ ሰባ የሞላት ማክሱን፣
ቢላዋን ሳታቆም፣ ሳታዞር ፊቷን፣
«ሌባና ባለቤት አንድ ቤት ካደሩ
ቁልፉ ምን ያደርጋል? ምን ይሠራል በሩ?
ገንዘብሽን» አለቻት፣ «ቆርሰሽ ክፈይው፤
አንዱን ለቤት ኪራይ፣ አንዱን ለአፍሽ በይው፣
ለሕመም፣ ለመርዶ ሦስተኛውን ያዢ፤
አራተኛውን ግን ከራስሽ አሽሺ።»

(ይህን የነገረችኝ ኋላ ነው፣
ጀልባ ስትጠብቅ።)

ከወደቡ ማዶ፣ አንድ ሰዓት በጀልባ፣
ደሴት ላይ ባንክ አለ፣ ከዓሣ አጥማጅ በቀር ሰው የማይገባ፤
አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ የዓሣ ሽታ፣
ከመስኮቱ ኋላ እኔ፣ ከጧት እስከ ማታ።

በኅዳር መጣችኝ፤ ማዕበል አንገላቷት፣
ከፊቷ ደም ሸሽቶ፣ ጉልበቷ ከድቷት።
«ደብተር ስጠኝ» አለች፤ «ካርዱን አልፈልግም።
ስልኬም እንዳያየው። ማዕበል ሳይንጠኝ
አንድ ዎን እንኳ ከዚህ አይወጣም።»

ሰው ሌባ ይፈራል፤ ሰው እሳት ይፈራል፤
እጁን ፈርቶ ባሕር ማን ይሻገራል?
ሳቅሁባት በልቤ። አልሳቅሁም በጥርሴ።
(ያን ዕለት የእኔ ሂሳብ ቀሪው ዜሮ ነበር፤ አላወራሁም ስለ ራሴ።)

ከዚያ ወር በገባ ቁጥር፣ ሳትነቃ በፊት፣
የደመወዟ አሥራት ባሕር ይሻገራል ሌሊት።
እዚያ ወጪ ተብሎ፣ እዚህ ገቢ ያድራል፤
እንደ ቀበጥ ልጅ ነው፣ አክስቱ ቤት ሲኖር ጨዋ ይሆናል።

በመጋቢት ግን ከጀልባ ወረደች፣
ቀይ ጫማ ተጫምታ፣ ድንጋዩ ላይ ተንገዳገደች።
ኮት አይታ ኖሯል፣ የማር ቀለም ያለው፣
ከመስታወት ኋላ «ነይ፣ ነይ» የሚላት ነው።
የማስወጫ ቅጽ ወሰደች። ስሟን ጻፈች። ቀኑን ጻፈች።
«መጠን» ከሚለው ላይ ብዕሯ ቀረች።

እኔም ዝም። ገንዘቡ የእሷ ነው። ሰዓቱ ይቆጥራል።
ከውጭ የጀልባው ሞተር ያጉረመርማል።

«እስኪ አትመው» አለች፣ ደብተሩን ገፍታ።
ማተሚያው ተንጫጫ፤ መስመር በመስመር፣ አራት ወር በተርታ፤
ከሁሉም በታች ወለድ፦ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ዎን።
አየችው። ቀና አለች። አየችኝ እኔን።
«አራት ወር አርግዞ
ይህን ነው የወለደው?»
ሳቀች እስኪያስላት። እኔንም አሳቀችኝ፤ ማኅተሜ ከእጄ ወደቀ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል ተረቱ፤
ሞኙ እስኪማር ድረስ
ወረቀቱ ቢይዝለት ምንድን ነው ክፋቱ?

ቅጹን አጣጥፋ ከኪሷ ከተተች፣
ከወደቡ ዳር ላይ የዓሣ ሾርባ ጠጣች፣
ቀዩን ጫማ አውልቃ፣ በእጇ አንጠልጥላ፣
በካልሲዋ ጀልባ ላይ ወጣች።

ሲመሽ መስኮት ዘጋሁ። ቁልፉ ከኪሴ ነው።
እሷስ ባሕር አላት፤
የእኔ እጅና የእኔ ገንዘብ ግን አንድ ክፍል ነው የሚያድሩት።

ለሰኞ ፈቃድ ጠየቅሁ።
የመጀመሪያው ጀልባ በአንድ ሰዓት ይነሳል፤
እዚያ ማዶ፣ ገበያው ጥግ፣ ባንክ አለ ይሉኛል።
ማዕበል አልችልም፤ ሃያ ዓመት ደሴት ኖሬ ሆዴ አልለመደም።
ደግ ነው።