አረንጓዴ ውሃ

ቪትዜ የሱሉልታ ናት፤ እንደኔው ደመወዝተኛ፣
ጧት ቁልቁል በዜሮ ማርሽ፣ ማታ ሽቅብ በሁለተኛ።
የእቁብ ዕጣ ያመጣት፣ በሠላሳ ስምንተኛ፤
አንዷን ብሎን እንኳ አላምን፣ አልሰጥባት ለሌላ እጅ፣
እንኳንስ ለማላውቀው ጋራዥ፣ አላስነካት ለገዛ ልጅ።

የኩባንያው ሰው ግን፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣
ሸሚዙ እንደ ወረቀት፣ ፈገግታው የላስቲክ አበባ፣
መኪናዋን ዞሮ ሳያይ፣ ደብተሯን ገልጦ አነበበ፦
«አርባ ሺህ ሞልቷል፣ እመቤት።» ጣቱንም እያሰበ፣
«ዘይት፣ የዘይት ማጣሪያ፣ የአየሩ፣ የፍሬን ዘይት፤
ኩላንቱም ይደፋና፣ አዲሱ ይሞላበት።»
የሁለት ወር ደመወዜን፣ በሰማያዊ ከበበው፤
አጥፌ ቦርሳ ከተትኩት፣ ዳግመኛም ሳላነበው።

ውሃ ውሃ ነው፣ አልኩኝ።
ሱሉልታ ተቀምጬ፣ ውሃው ታሽጎ በሚሸጥበት፣
ቀለም ለነካው ፈሳሽ፣ ደመወዜን ልበትንበት?
ጎረቤቴም ይፍሩ፣ ኤንትሬ ነድቶ ያረጀው፣
«ኩላንት የሚሉት ነገር፣ ለኪስ ነው የተበጀው፤
እኔ በጅሪካን ውሃ፣ አፋርን አቋርጫለሁ፤
የጠማው ሞተር ይጠጣል፣ ከበቅሎ ምን እለያለሁ?»

ሰኔ ነበር። ዝናብ። ማታ።
ከአዲሱ ገበያ በላይ፣ ባሕር ዛፉን ጉም ውጦት፣
ሲኖትራክ ከኋላዬ፣ ጡሩምባውን እየነፋት፣
መርፌዋ ቀዩን ነካች።
ከኮፈን ሥር ነጭ እንፋሎት፣
እንደ ተቆጣ ሰው ትንፋሽ፣ ፊቴን ዘጋው መስታወት።

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ አሥረኛ «ለ» እና «ሐ»።
በዚያው ሳምንት፣ ሰኞ ዕለት፣ በጠመኔ፣ በገዛ እጄ
ጽፌያለሁ፦ ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል ይላል መጽሐፉ፤
እኛ ግን ተራራ ላይ ነን፣ እዚህ በዘጠና አንድ ነው ጣሪያው፤
ሌላ ነገር ሲሟሟበት፣ ከፍ ይላል የመፍያ ልኩ።
ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።
አሁን ግን ከአስፋልቱ ጠርዝ፣ ነጠላ ደርቤ ቆሜ፣
የገዛ ትምህርቴ ፈላ፣ ፊት ለፊቴ፣ በቁሜ።

ዲንቂሳ በሞተር ሳይክል መጣ፣ የላስቲክ ካፖርት ለብሶ፤
«እንዳትከፍቺ!» አለ ከሩቅ፣ እጄን በጩኸት መልሶ።
ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ዝናቡ ኮፈኑን ሲመታ፣
ክዳኑን በጨርቅ ይዞ፣ ፈታው ቀስ ብሎ፣ በፋታ።
የወጣው ውሃ አልነበረም፤ የዝገት፣ የሻይ አተላ፤
ጣቱን ነክሮ አሳየኝ፤ «ይኸው ነው ብረት የሚበላ።»

«ታዲያ ኩባንያው ልክ ነው?» አፈርኩኝ ስጠይቀው።
ክዳኑን ገለበጠና፣ በስልኩ መብራት ጠበቀው፦
«ውሃው ላይ ልክ ናቸው። ይኼን ግን ማን ጠየቀው?
ጎማው ተሰንጥቋል፣ እዪው፤ ግፊት አይዝም፣ ያፈሳል፤
ወርቅ ብትሞዪበት እንኳ፣ በዚህ ወጥቶ ይጨርሳል።»

የኩባንያውን ዝርዝር፣ ከቦርሳዬ ፈልጌ አወጣሁ፤
አሥራ አራት መስመር፣ ማህተም።
ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፣ ደግሜም በስልክ መብራት፦
ክዳን የሚል ቃል የለም።

ቅዳሜ ሦስቴ አጠብነው፣ ንጹሕ ውሃ እስኪወርድ።
አንድ ጋሎን አረንጓዴ፣ አንድ ክዳን፣ የዲንቂሳ እጅ፤
ሁሉም ተደምሮ ቢሆን፣ የዚያ ሒሳብ አንድ አምስተኛ።
ይፍሩ በአጥሩ አሻግሮ፣ «አንቺም ቀለም ገዛሽ?» አለኝ፤
«አዎ» አልኩት፤ ክርክር ታከተኝ፣
ደግሞም አፋርን ያቋረጠ ሰው ምን ይባላል?

ደብተሯ ላይ አርባ ሺህ ከሚለው ሣጥን፣ ማህተም በሚመታበት፣
የዲንቂሳ አውራ ጣት አለ፣ ቅባቱ ያልደረቀበት።
ስለ ሰማንያ ሺው ሣጥን፣
ገና አላሰብኩበት።