ደረቅ ዝናብ

የጅማ ክረምት ነው። ጨው በሳህን ሟሟ፣
ክብሪት አልጫር አለ፣ ጠጉር አበቀለ አልጋ ሥር ያለ ጫማ።
ልክ በዚያ ሰሞን ነው፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣
በሁለት ተሸካሚ፣ አዴ ሉባባ የመጣች፣ የሂርማታን ጭቃ ዘልላ ዘልላ፤
ዣንጥላውን ለእሱ፣ ዝናቡን ለራሷ፣
«ቀስ በሉ!» እያለች፣ ውሃ እየጨመቀች ከሻሿ ከልብሷ።

አራት እግር ያለው፣ ሆዱ ሰፊ ሳጥን፣
አናጢ በዋንዛ ዳግም ያለበሰው፣ የሐጂ ሳቢት ቴሌቪዥን።
ሃያ ሁለት ክረምት ጓዳ ከርሞ፣ ከቆጡ ሥር፣
ጀርባው ከግድግዳ፣ ግድግዳው ከአዌቱ ዳር።

«ዛሬ ማታ፣» አለችኝ፣ «ዛሬ ማታ ላየው፤
አንዴ ብቻ ሰካው፣ ይነቃ እንደሆን እየው።»
«አዴ፣ እጅሽን ከሶኬቱ መልሺ!
የራሰን ትራንስፎርመር በመብራት አትቀስቅሺ።
በሽቦው መሐል ያለው ወረቀት ውሃ ጠጥቷል፤
ዛሬ ኃይል ካገኘ፣ ጢስ ሆኖ ይወጣል።
ርጥበት እንደ እንግዳ ነው፤ አይባልም ውጣ፤
ቀስ ተብሎ ይሸኛል፣ በቀስታ ነውና የመጣ።»
«ሆስፒታልም እንዲህ አሉኝ፣» አለችና ተቀመጠች።
ሌላ አልጨመረች።

ጀርባውን ፈታሁት። ከአራት ቡሎን ኋላ
የአይጥ ሽንት፣ የዝገት፣ የሻገተ ባቄላ
ሽታ ወጣ። ሽቦው አረንጓዴ ነው፣ እንደ ቦዬ ረግረግ፤
ተርብ የጭቃ ቤቱን ሠርቶ ትቶታል፣ በሁለት ቫልቭ መሐል፣ ጥግ።
የሰም ካፓሲተሮች፣ ጣት ጣት የሚያህሉ፣
አልቅሶ እንዳለቀ ጧፍ በየሽቦው ላይ ደርቀው ይታያሉ።
ቆርጬ ጣልኳቸው። የቫልቮቹን እግር በአልኮል አሸሁ፤
ሆዳቸውን አልነካም፤ የተጻፈው ስም ይለቃል፣ አንዴ በአውራ ጣቴ አጥፍቼ አይቻለሁ።
ስሙ የጠፋ ቫልቭ ወንበሩን ማን ያሳየዋል?
ጋሽ ወልደሰንበት በኩርኩም ነው ያስተማሩኝ፤ ዝናብ ሲመጣ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ከሻሲው በታች ደግሞ፣ ከአቧራው ሥር፣ ስሙኒ።
ጠርዟ የተበላ፣ አንበሳዋ የጠቆረ።
አየኋት፣ አየችኝ።
እናቴ መጣችብኝ።

ያኔ ሐጂ ሳቢት መስኮት ከፍተው ማታ፣
ሰፈሩ ግቢያቸውን ይሞላል፣ ለዜና፣ ለጨዋታ፤
ክፍያ አልነበረም። እኛ ትንንሾቹ
ግን እንዳይርባቸው ውስጥ ያሉት ሰዎቹ፣
በጀርባው ቀዳዳ ባቄላ እንጥላለን።
አንድ ቀን ባቄላ አጣሁ። የስኳር መግዣውን፣
የእናቴን ስሙኒ፣ ጣልኩላቸው።
«ጣልከው?» አለች። «ጣልኩት።»
አልዋሸሁም። ተገረፍኩ።

አርባ ዋት አምፑል ከሻሲው ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩ፤
ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ መብራት ሲሄድ አብሬ ጠፋሁ፣ ሲመጣ አብሬ ሞቅኩ።
ሐሙስ ሐሙስ በገበያ መንገዷ ብቅ ትላለች፤
«ደረቀ?» «እያላበው ነው፣ አዴ።» «እሰይ፣ ላብ ጥሩ ነው» ብላ ትሄዳለች።

በአራተኛው ሐሙስ፣ አምፑል በመሐል አስሬ፣ ኃይሉን በጥቂቱ ለቀቅኩ።
ቫልቮቹ ቀሉ፣ አንድ አንድ እያሉ፤ ትንፋሼን ያዝኩ።
መስተዋቱ መሐል ነጭ መስመር፣ ከዚያ ግራጫ፣
ከዚያ ሽሽሽታ፣ የማያባራ የነጥብ ሩጫ።

ሥዕል የለም። አይኖርም። ሰማዩ ቋንቋ ቀይሯል፤
የዛሬው ሥርጭት ለዚህ ጆሮ ባዕድ ሆኗል።
ይህን እንዴት ልንገራት? ጉሮሮዬን ስጠርግ፣
እሷ ቀድማ መዳፏን መስተዋቱ ላይ አኖረች።
የክንዷ ጠጉር ቀጥ ብሎ ቆመ።
«ዝናብ ነው፣» አለችኝ።
«አዎ።»
«ግን አላረጠበኝም።»

ክዳኑን ስገጥም ስሙኒዋን ልመልስ ነበር፤ ብረት ናት፣ ታቃጥላለች።
ኪሴ ውስጥ አለች።
ሚፍታን ወደ ጎረቤት ሱቅ ላኩት፤
አንድ ፍሬ ባቄላ፣ ደረቅ፣ አዴ ሳታየኝ፣ በጀርባው ቀዳዳ ጣልኩት።