ኮይ

ቃል ፍለጋ ነበር የሄድኩት፤ ዳክዬ አልነበረም ጉዳዬ።
የውሰት ቦት ጫማ ሰፍቶኝ፣ ጭቃው ሲጎትተኝ ወደ ኋላዬ፣
ፍሪስላንድ ደረስኩ፣ በኅዳር፣
ምድር ከባሕር በታች ተኝታ
በግድብ ተደግፋ ከምታድርበት አገር።

ዊብረን በሩ ላይ ጠበቀኝ። «ድምፅህን» አለ፣ «ዋጠው።»
ሰላምታው ይኸው ነበር። ቀጥሎ በቆርቆሮ ጣሳ
የሚጨስ የረግረግ ጓል ሰጠኝ፤ «ካፍህ ፊት አድርገህ ያዘው፤
የሰው ትንፋሽ ይሸታቸዋል፤ አንዱ ከሸሸ ሁሉም ተነሣ።»

ኩሬው አራት ክንድ አለው፤ እያንዳንዱ እንደ በሬ ቀንድ ጎባጣ፣
አፉ ለሰማይ የሰፋ፣ ጫፉ ለአንድ አንገት የጠበበ፣
ከላይ መረብ የለበሰ። ከሸምበቆው አጥር ኋላ
ፍሎክ፣ ነጭና ቀይ ዝንጉርጉር ውሻ፣ ጅራቱን እንደ ባንዲራ አቁሞ
ብቅ ይላል፤ ጥልቅ ይላል።
አይጮህም። አያባርርም። ዘወር ብሎም አያይም።

ዳክዬዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ፦ ምን ይሆን?
ብቅ ሲል ቀረቡ፤ ጥልቅ ሲል ይበልጥ ቀረቡ።
«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ይላል ያገሬ ሰው፤
እዚህ መጫኛም አላስፈለገ፤ ጅራት ብቻ ነው የጣላቸው።
መሐላቸው ያሉት ለማዳዎቹ ግን፣ በእፍኝ ገብስ የተቀጠሩት፣
ቀንዱ ሲጠብ ዞር ብለው፣ እየቀዘፉ ተመለሱ።
ያውቁ ይሆን? ብዬ ጠየቅሁ።
ዊብረን ትከሻውን ሰበቀ፦ «ገብሱን ያውቃሉ።»

ድሮ አንገት ይጠመዘዝ ነበር፤ ዛሬ እግራቸው ላይ ቀለበት አጥልቆ፣
ቁጥራቸውን በእርሳስ ጽፎ፣ አንድ በአንድ ለነፋሱ ይለቃቸዋል።

ቃሉን ልንገራችሁ። ሮማዊው ጎድጓዳውን «ካቬያ» አለው፤
ቃሉ ወደ ሰሜን ሲጓዝ አጥንቱ ሟሙቶ «ኮይ» ሆነ፦
የወፍ ቤት፣ ዳክዬ የሚገባበት ይህ ኩሬ።
እንግሊዙ ባሕር ተሻግሮ «ደ ኮይ» ሲሉ ሰማ።
«ደ» እኛ «ቤቱ» ስንል ከኋላ የምንቀጥላት ዓይነት ድምፅ ናት፤
ስፌቷን አላየም፣ ከነክሯ ዋጣት፣ «ዲኮይ» ብሎ ተመለሰ።
(ሌላ የሚሉም አሉ፤ አዋቂዎች ይጣሉበታል።)
ቤቱ ቀረ፣ ማታለሉ ተጓዘ፤ ዛሬ
የእንጨት ዳክዬ ነው፣ ሰው አልባ የፖሊስ መኪና ነው፣
ሚሳይል እንዲስት ከአውሮፕላን ጭራ የሚበተን ብልጭታ ነው።

ሲትስከ የአተር ሾርባ እየጨለፈች ሳቀች፦
«አባቴ መርከበኛ ነበር፤ ወደ ኮይ ልግባ ሲል
አልጋውን ማለቱ ነው፣ መገላበጥ የማይቻልበትን የሣንቃ አልጋ።
እኔ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የዚህን ውሻ ቅድመ አያት
ጅራቷን ብቻ አይቼ፣ ምን ይሆን ብዬ ተከተልኩ።
ሸምበቆው ሲያልቅ ይሄ ቆሟል፤ ጓል ይዞ፣ አፉ በጭስ ተሸፍኖ።
ቀለበቱን አጠለቀልኝ፤
መልቀቁን ግን ረሳው።»
ዊብረን ዳቦውን ቆረሰ፤ ጆሮው ብቻ ቀላ።

ሌሊት በጠባቡ የእንግዳ አልጋ ላይ ቃሉን አጉተመተምኩት፦
ኮይ። ኮይ። ሦስተኛው ላይ በገዛ ቋንቋዬ መለሰልኝ፦ ቆይ።
ዝምድና የላቸውም፤ ጆሮ ነው ያጋባቸው፤
ግን የትኛው ወጥመድ ነው ሌላ ነገር የሚል?
ቆይ፣ ገብሱ አሁን ይመጣል። ቆይ፣ ውጭ ነፋስ ነው።
ቆይ።

ማለዳ ቦርሳዬን አንግቤ ወጣሁ፤ አውቶቡሱ ሊደርስ አሥር ደቂቃ።
ከሸምበቆው አጥር ኋላ ነጭ ጅራት ብቅ አለ፤
ጥልቅ አለ።
ማንን እንደሚጠራ እንጃ፤ ኩሬው ላይ አንድ ዳክዬ አልነበረም።
የውሰቱ ቦት ጫማ አሁንም እግሬ ላይ ነበር።