በሁለት ቋጠሮ መካከል

ቢሯችን ጠባብ ናት፣ ከጎማ ጠጋኙ ሱቅ በላይ፣
ጣሪያው ተሸንቁሮ ከወንበሬ ይታያል ሰማይ።
ሦስት ነን ከጠበቃችን ከሃንታ ጋር፤ አንዲት ሞተር አለችን፣
እስከ ግማሽ መንገድ አዝላን፣ ከዚያ ወዲያ ተገፍታ የምታደርሰን።

እኔ ሒሳብ ያዥ ነኝ። ፍትሕ የሚባለውን ነገር
የማውቀው በደረሰኝ ነው፤ በቤንዚን፣ በቴምብር፣
ለእስረኛ በተገዛ ሳሙና፣ በወር መጨረሻ ድምር።

የዚያን ዓመት የቫኒላ ዋጋ እንደ እሳት ነዶ፣
ገበሬው ከሐረጉ ሥር ያድራል፣ ገጀራውን እንደ ሚስት ለምዶ።
አረንጓዴውን ፍሬ ሳይበስል፣ በመርፌ እየወጋ፣
ስሙን ይነቅስበታል፣ ሌባ ቢወስደው እንዲያወጋ።
ደርቆ ቢጠቁር እንኳ ንቅሳቱ አይለቅም፤
በሳምባቫ ገበያ ስም አልባ ፍሬ የለም፤
ወረቀት አልባ ልጅ ግን፣ ማን ቆጥሮት ያውቃል መቼም?

የሰው ስም ያለበት አምስት ፍሬ ከማሄሪ ኪስ ወጣ፤
ዳኛ ፊት ሳይቆም፣ ስምንት ወር፣ ከአዋቂ ጋር ተቀጣ።
ሌሊት በጎን ይተኛሉ፤ አንዱ ሲዞር ሁሉም ይዞራል፤
እሱ ከሁሉ ያንሳልና ከግድግዳው ይጣበቃል።
መዝገቡ "አሥራ ስምንት" ይላል። የጻፈው ያሰረው ፖሊስ፣
በዓይኑ መጥኖ ሞላው፣ ሻዩን ጠጥቶ እስኪጨርስ።

እናቱን ዛፊሱዋን ጠየቅናት፦ "መቼ ነው የወለድሽው?"
"ጎርፉ ድልድዩን የወሰደ ጊዜ" አለች።
የትኛው ጎርፍ ነው በዚህ አገር ድልድይ ሳይወስድ የሄደው?

ሃንታ ለወዳጆቻችን ጻፈች፤ እንደኛው ጥቂት ናቸው፣
በኔፓል ተራራ፣ በቦሊቪያ ማዕድን ዳር፣
እንደኛው ደመወዝ የሚዘገይባቸው።
መልሱ ከቦሊቪያ መጣ፣ ከሁለት መስመር አይበልጥም፦
"ወረቀት መፈለግ ተዉ።
የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም።"

እና ማሩሱዋን አገኘናት፣ ከወንዙ ማዶ፣ በጀልባ፤
(የጀልባው ደረሰኝ የለም፤ በእኔ ኪስ ላይ ነው የገባ።)
አዋላጅ ናት፣ ፊደል አልቆጠረችም። ከምሰሶው አወረደች
የራፊያ ገመድ፤ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ቋጠሮ ቋጥራለች፣
ለሞተው ደርባለች።
በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች፦ "ይቺ የመምህሩ ሴት ልጅ።
ይኸ ማሄሪ፤ እትብት አንገቱን አንቆት፣ ፈትቼ ያወጣሁት በእጅ።
ይኸ ደግሞ የነጋዴው..." አለችና ሳል ያዛት።

ሃንታ ብድግ አለች።
የመምህሩ ልጅ ወረቀት አላት፤ የነጋዴው ልጅም አለው፤
ማኅተም ከግራ፣ ማኅተም ከቀኝ፤ መሐል ያለው ስንት ነው?
አሥራ ሦስት።
ገና አሥራ ሦስት።

በችሎቱ ቀን ገመዷን እንደ መቀነት ታጥቃ መጣች።
ዐቃቤ ሕጉ ሳቀ፤ እሷ አላየችውም፣ ወገቧን ትፈታለች።
ዳኛው መነጽሩን አውልቆ በጣቱ ቆጠረ፣
ተሳሳተ፣
እንደገና ጀመረ።
ሰው ሲበተን የችሎቱ ጸሐፊ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጠጋ ብሎ፦
"እኔስ... የቱ ጋ ነኝ?" አላት፣ አንገቱን ቆልምሞ።

ማሄሪ ሐሙስ ተፈታ። ጮቤ የረገጠ የለም፤
አምስቱ ፍሬ ለባለቤቱ ተመለሰ፣ ስምንቱ ወር አይመለስም።
እናቱ ትላለች፦ ዛሬም ሲተኛ፣ ሰፊ ምንጣፍ ተነጥፎለት፣
ከግድግዳው ይጣበቃል፣ የሚዞር ሰው ሳይኖርበት።
እዚያው ክፍል አሥራ አንድ ልጆች አሉ፤ አዋላጃቸው የሞተች፣
ገመድ ያልታሰረላቸው። ሃንታ ስማቸውን በየጠዋቱ ትጽፋለች።

የማሩሱዋ ገመድ በኤግዚቢትነት መዝገብ ቤት ቀርቷል፤
ከወንዝ ማዶ ትልክብናለች፦ "መቼ ነው? ሦስት ልጅ ተወልዷል፤
በቀሚሴ ጫፍ ቋጥሬ ይዣቸዋለሁ፣ ቀሚሱ ደግሞ መታጠብ አለበት።"
ዛሬ ለስድስተኛ ጊዜ አመለከትን። ደብተሬን ገልጬ ጻፍኩበት፦
ቴምብር፣ አንድ። ቤንዚን፣ ሁለት ሊትር።
ምክንያት፦ ገመድ ለማስመለስ።