ፊውዝ

ፍራንኮ ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
ሃምሳ ሳንቲም ነበር ቶላ ቪዲዮ ቤት ሲገባ።
ቆርቆሮው ይግላል፣ መስኮቱ ታፍኗል በማዳበሪያ ጆንያ፤
ጋሪ ነጂው፣ ሊስትሮው፣ ከክፍል የጠፋው ተማሪ፣
ጉልበት ለጉልበት ነን፣ የለም እግር መዘርጊያ።

በፊልሙ ውስጥ ሰውየውን ላጩት፣
ወንበሩ ላይ አስቀመጡት፣
ክንዱን በጠፍር፣ ቅልጥሙን በጠፍር፤
ቄስ ነገር አጠገቡ ቆሞ ይንሾካሾካል ከመጽሐፍ ጋር።
ሽብሩ ከኋላዬ፣ ቋንቋውን ሳይሰማ ይተረጉማል፦
«ይቺን እጀታ ሲጎትታት፣ በቃ፣ እንደ ዶሮ ይጠበሳል።»

እጅ እጀታው ላይ አረፈ፤
ድርግም።
መብራት ጠፋ።

ፉጨት። «ሌባ!» «ሳንቲሜን መልስ!»
እኔ ግን በጨለማው፣ አልዋሽም፣ እሰይ አልኩ፣ ተረፈች ነፍስ።
እኛ አገር ቢሆን ሞትም ወረፋ ይጠብቃል፤
ሰኞ የተፈረደበት፣ ፈረቃ ነው ተብሎ፣ ለማክሰኞ ያድራል፤
ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

«ጋሽ ደጀኔ፣ የመብራት ኃይል ሰው አይደለህ? እስቲ ውጣና እየው!»
ወጣሁ። የአዳማ ነፋስ አፌን በአሸዋ ሞላው።
የቆጣሪውን ሳጥን ከፈትኩ፤ ፊውዝ ነው፣ ሌላ ምንም አልሆነ።
ሽቦ ኪሴ ውስጥ አለ፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ፤
እጄ ግን መንገድ ላይ ቀረች፣
ባዶ አየር ጨብጣ።

ኢፋ።
ስምንት ዓመቱ፤ በወንጂ መስመር፣
ምሰሶ ጫፍ ላይ፣ ወገቡን በቀበቶ አስሮ፣ ያፏጭ ነበር።
እኔ ከታች፣
ፉጨቱ ሲቋረጥ የወረደ መስሎኝ፣
«ወረድክ ወይ?» ሳልለው፣
እጀታውን ወደ ላይ ገፋሁት።

ዳኛ አልፈረደበት፣ ቄስም አልደረሰለት፤
ወረቀቱ ላይ «አደጋ» ተብሎ ተጻፈለት።
እኔ ነኝ የፈረምኩት።

ከውስጥ ያጨበጭባሉ፦ «አብራው! አብራው!»
ስልሳ ሰው፣ አንድ ሰው ሲሞት ሊያይ የከፈለ፣
የእኔን እጅ ይጠብቃል።
ሽቦውን ኪሴ ከተትኩ።
«ትራንስፎርመር ነው» አልኳቸው። «ለዛሬ አይሆንም።»

በማግስቱ ሌላ ሰው ቀጠለው፤
ቶላም ካሴቱን ወደ መጀመሪያው አጠንጥኖ፣
«ጋሽዬ፣ በነጻ ግባ» አለኝ፣ በሩን ይዞ።
አልገባሁም።
ነፋሱ የቆቃን መስመር እያስፏጨ ነበር፤
ከሥሩ ቆሜ
እስኪያቆም ጠበቅሁ፤
ካቆመም በኋላ ጠበቅሁ።